ካፖርቴ ሥራ ላይ ነው

የአሥር አለቃ ጥጋቡን ሞት የሰማሁት እንደ ወጉ በመርዶ አይደለም፤ በጥያቄ ነው። የካቲት ውስጥ፣ ደብረ ታቦር እኅቴ ቤት ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ምስር ስለቅም ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ወይዘሮ ዝናሽ ነዎት? ቄስ ነኝ፣ ከንፋስ መውጫ። ቁጥርዎን ከአሥር አለቃ ጥጋቡ ስልክ ላይ አግኝተን ነው።»

የሰው ስልክ ቄስ እጅ ከገባ ወሬው አንድ ነው። የያዝሁትን ሰፌድ መሬት አስቀመጥሁ።

«መቼ ነው?» አልሁ።

«ማለዳ ነው መሰል። ጎረቤት ቢያንኳኳ የሚከፍት ጠፋ። እግዜር ነፍሳቸውን ይማር። አሁን ሊገነዙ ነው፣ መቃብሩም እየተቆፈረ ነው፤ የቸገረን ግን ሌላ ነው እኅቴ። የክርስትና ስማቸውን የሚያውቅ ሰው አጣን። የነፍስ አባታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ እኔ ለደብሩ አዲስ ነኝ፤ ዘመድ የለ። ጎረቤቱ ሁሉ ‹ዝናሽ ካላወቀች ማንም አያውቅ› ይለኛል። ፍትሐቱን በማን ስም ላድርስ?»

ስሙን አውቀዋለሁ። ችግሩ፣ አሥር አለቃ ራሳቸው ለማንም እንዳልናገረው ለምነውኛል፤ «በቀብሬ ቀን ቢጠይቁሽም እንኳ» ብለው። ሰው ያለ ስሙ ወደ ፈጣሪው እንዴት ይሸኛል? የሟችን ልመና ማፍረስስ ቀላል ነገር ነው?

«አባ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፤ መልሼ ልደውል» ብዬ ዘጋሁ። መንገዱ ሰላም ቢሆን ተነሥቼ እሄድ ነበር። ግን ዘንድሮ ከሚከፈትበት የሚዘጋበት ቀን ይበዛል። እዚያው ሰፌዴ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሰውየውን ማሰብ ጀመርሁ።

እኔ ንፋስ መውጫ በአንድ የእህል መጋዘን ንብረት ክፍል ስሠራ፣ እሳቸው የጫኝና አውራጆቹ አለቃ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሯቸው ሰፋፊ፣ ሲሄዱ ትንሽ ወደፊት ጎንበስ የሚሉ። ስማዳ ተወልደው በልጅነታቸው ወታደር ቤት ገብተው፣ በደርግ ጊዜ በጦሩ የጭነት አውሮፕላን ላይ ጭነት አሳሪ ሆነው ሠርተዋል። ዱቄቱ፣ ጨውና ጥይቱ ከባሕር ዳር ይጫንና በጉና ላይ ተሻግሮ፣ መንገድ ለተቆረጠባቸው የሰሜን ጦር ሰፈሮች ይደርስ ነበር። አውሮፕላኗን እነሱ «ሆዳሟ» ይሏታል፤ የሰጧትን ሁሉ ስለምትውጥ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሰው የሚያስተውለው ግን ካፖርት አለመልበሳቸውን ነው። የከተማችን ስም በከንቱ አልወጣላትም፤ ነፋሱ እውነትም በዚያ ነው የሚወጣው። ሐምሌና ነሐሴ ሁላችንም በጋቢ ላይ ጋቢ ደርበን እየተንቀጠቀጥን፣ እሳቸው በስስ ካኪ ሸሚዝ ይቆማሉ። «አሥር አለቃ፣ ምነው ካፖርት ቢለብሱ?» ሲሏቸው መልሳቸው አንድ ነው።

«ካፖርቴ ሥራ ላይ ነው።»

ጫኞቹ ይሥቃሉ። እኔም እሥቅ ነበር። አንድ ጊዜ ለገና እኛ የመጋዘኑ ሠራተኞች አዋጥተን ወፍራም ካፖርት ገዛንላቸው። ተቀበሉ፣ መረቁን፣ በማግሥቱ የግቢው ዘበኛ ለብሶት መጣ። እኔ ነገር በሆዴ የማሳድር ሰው አይደለሁም፤ ሄጄ ጮኽሁባቸው። «አይ ዝናሽ» አሉኝ ፈገግ ብለው፣ «የሰውየው ካፖርት እየመጣ ሌላ ቢለብስ፣ ባለካፖርቱ ምን ይላል?» ጨርቃቸውን የጣሉ እየመሰለኝ ትቻቸው ሄድሁ።

በሥራቸው ግን እብድ አልነበሩም። ወደ አርብ ገበያ የሚወርደው መኪና ሲጫን፣ ጫኞቹ ጨርሰው ላባቸውን ሲጠርጉ እሳቸው ይመጣሉ። እያንዳንዱን ገመድ ሁለት ጊዜ ይስባሉ። ከዚያ መዳፋቸውን ጭነቱ ላይ ያሳርፋሉ፤ የከበደች ላም ሆድ የሚዳብሱ ይመስላሉ። ሹፌሩ ጥሩንባ ቢነፋ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

«ያልታሰረ ጭነት ነፍስ አለው» ይላሉ። «መሬት ላይ አታዪውም። ሰማይ ላይ ግን ይነሣል፤ ይራመዳል።»

ይህን ሲሉ ያጋነኑ መስሎኝ ስለነበር አንድ ቀን የበጎቹን ነገር አጫወቱኝ። ለፋሲካ ብለው ለአንድ ጦር ሰፈር ጠቦቶች ጭነው ሲሄዱ፣ ጉና ላይ ሲደርሱ ሆዳሟ ከሥሯ መሬት የተነጠቀ ያህል ወደ ታች ሄደች። በጎቹ ሁሉ ከወለሉ ተነሥተው ጣራው ላይ ተለጠፉ፤ አራት እግራቸውን አንጋጠው፣ አንዱም ድምፅ ሳያሰማ ቁልቁል ያዩናል አሉኝ። «በግ ዝም ሲል አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ የበግ ሥጋ አልቀመስሁም።» ሥቄ ሥቄ ሳበቃ ፊታቸውን አየሁ፤ እሳቸው አልሣቁም ነበር። «ተራራ ከሩቅ ስታዪው ቆሟል» አሉ ቀጥለው። «ደመና ውስጥ ከገባሽ ግን ይሄዳል። ከፊትሽ የተውሽው ከጎንሽ ይመጣል።»

እኔ ሰው ሁሉ ሲያምን የምጠራጠር ሴት ነኝ። ስለዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን ስጽፍ እጄ ደስ አይለውም፤ ግን ሆኗል።

ሐምሌ ነው፣ ከቀትር በፊት። ግቢው ውስጥ መኪና እየተጫነ ጉሙ ከጉና በኩል መጣና አጥሩን ዋጠው፣ ቀጥሎ መኪናውን፣ ቀጥሎ እርስ በርሳችንን። አሥር አለቃ እጃቸውን አነሡ። ጫኞቹ ይህን እጅ ያውቁት ኖሯል፣ ሁሉም የያዘውን ይዞ ደርቆ ቀረ። እኔ በዚያ ወቅት አዲስ ነበርሁ። ከዚያ ሰማሁት። ከሩቅ የሚመጣ፣ ወፍራም፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ማጓራት። በበላያችን መጣ፣ ወደ ምሥራቅ ሄደ፣ ዞረ፣ ተመለሰ።

«ወፍጮ ነው እኮ!» አልሁ፤ ለራሴ ይሁን ለሰው አላውቅም።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት እዚያው አጠገቤ ቆመው ነበር። «የቱ ወፍጮ?» አሉ ቀስ ብለው። «የኔ ተሰብሮ አይደል ከናንተ ጋር የቆምሁት? መብራቱም ከትናንት ጀምሮ የለ።»

አሥር አለቃ ግን እኛን አይሰሙም። አንገታቸውን ወደ ጉሙ አንጋጠው በሁለት እጃቸው መንገድ ያሳያሉ። «ወደ ግራ! ወደ ግራ በሉ! ከፍ በሉ እንጂ!» ይላሉ፤ ድምፃቸው ልመና ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ማጓራቱ አንዴ በጣም ቀረበ፣ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ጠፋ። አልራቀም፤ በመሐል ተቆረጠ። ጉሙ ሲገለጥ ሰማዩ ባዶ ነው፤ ጫኞቹም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ሥራቸውን ቀጠሉ። እኔ ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ። እሳቸውም መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ነገሩን ያን ዕለት ነገሩኝ።

ሆዳሟ ላይ የሚሠሩት አንድ ልማድ ነበራቸው። የክርስትና ስም እንደዋዛ ለሰው እንደማይነገር የታወቀ ነው፤ ክፉ ሰው እጅ ከገባ ይደገምበታል ተብሎ ይፈራል። እነሱ ግን ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ከጭነቱ ሥር ተጠጋግተው አንዱ ባንዱ ጆሮ ስሙን ይናገራል። «ማን እንደሚቀር አይታወቅማ» አሉኝ። «የቀረው ለሞተው ፍትሐት ያስደርግ ብለን ነው። የዋናው አብራሪ ስም፣ የረዳቱ፣ የሬዲዮኑ ሰው፣ ሁሉም እዚህ አለ።» ጆሯቸውን ነካ አደረጉ።

አንድ ቀን የጣና ዳር ወባ ጣላቸው። ተነሥተው መቆም አልቻሉም። በእሳቸው ምትክ በዚያው ሰሞን የመጣ ወጣት ወታደር እንዲሄድ ታዘዘ፤ «ምልምሉ» ይሉታል፣ ስሙን እንኳ በወጉ አልያዙትም። ልጁ አልጋቸው ድረስ መጣ።

«አሥር አለቃ፣ ላይ ብርድ ነው አሉኝ። ካፖርትዎን ያውሱኝ።»

«ውሰድ፤ ግን መልስ። ብርቅዬ ናት።»

«ሳልመልስልዎ አልቀርም» አለና ለብሶት ወጣ። ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት ነው። ሁለተኛው ቁልፉ ወድቆ በሲባጎ አስረውታል፤ ጭነት በሚያስሩበት ቋጠሮ። ልጁ በሩ ላይ ዞር ብሎ በሲባጎው ሣቀ፤ መጨረሻው ይኸው ነው።

የሬዲዮኑ ሰው «ጉና ላይ ነን፣ ደመና ነው» ብሎ ተናገረ። ከዚያ ዝም። ብትደርስ ይነገር ነበር። ብትወድቅ ስባሪዋ ይገኝ ነበር፤ የጉና ገበሬ የጠፋች ፍየል እንኳ ፈልጎ የሚያገኝ ነው። ገበሬዎቹ ሲጠየቁ ያሉት አንድ ነገር ነው፦ ቀኑን ሙሉ ደመናው ውስጥ ስትዞር ሰማናት፣ ቀዳዳ የምትፈልግ ትመስላለች፣ ከዚያ ድምፁ ተቆረጠ። ጦርነቱ አልቆ ሠራዊቱ ሲበተን አሥር አለቃ ወደ ስማዳ አልተመለሱም። ጉናን አሻግሮ የሚያሳይ ከተማ ፈልገው ንፋስ መውጫ ተቀመጡ። ስማቸውን ለሚያውቁት ለሦስቱ እንኳ ተዝካር ለምን እንዳላወጡ ብጠይቃቸው ተቆጡ። «እየዞሩ ነው እኮ! አሁን አልሰማሻቸውም? ለሚዞር ሰው ተዝካር ይወጣል?»

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ከዚያ በቅርቡ ጦርነት ሰማዩ እንደገና ማጓራት ጀመረ፤ ይኼኛው የእውነት ነበር፣ ሁሉም ሰው ይሰማዋል። ከተማችን ያየችውን አየች፤ እሱን እዚህ አላነሣም። ነገሩ ረገብ ሲል አሥር አለቃ ቢሮዬ መጡ። በአንድ ጊዜ አርጅተው ነበር።

«አዲስ ጭነት መጣ ዝናሽ፣ የድሮው ሳይራገፍ» አሉኝ። «በቃኝ። ላውርዳቸው። ቤተ ልሔም ደብር ሄጄ ፍትሐት ላስደርግ። ሴት የሌለበት ተዝካር አያምርምና አብረሽኝ ነይ።»

«እዚሁ ደብራችን አለ፣ የነፍስ አባትዎ አሉ፤ ቤተ ልሔም ድረስ ምን አስኬደን?» አልሁ።

«እዚያ የሚያውቀኝ የለም» አሉ። ያኔ አልገባኝም።

ዱቄቱንና ጌሾውን አስጭነን፣ መኪና እስከሚሄድበት በመኪና፣ ቀሪውን በእግር ሄድን። ቤተ ልሔም የቅኔውና የዜማው አገር ነው፤ ካህን አይጠፋም። ጠላውም ተጠመቀ፣ እንጀራውም ተጋገረ። በቀኑ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ አንድ ሽማግሌ ቄስ ቀርበው የሟቾቹን ስም ጠየቁ። አሥር አለቃ የሦስቱን ስም አንድ በአንድ ተናገሩ፤ ያን ሁሉ ዘመን ጆሯቸው ውስጥ ያኖሩትን።

«አራት ናቸው ብለኸኝ ነበር» አሉ ቄሱ።

የአሥር አለቃን እጅ አየሁ፤ አጠገቡ የቆሙትን የጥድ ግንድ ይዘው ነበር፣ ሁለት ጊዜ ጨበጥ ጨበጥ አደረጉት።

«ወልደ ትንሣኤ» አሉ።

ፍትሐቱ ደረሰ። አራቱም ስሞች ተጠሩ። እኔ የምልምሉን ስም እንዴት እንዳገኙ ስገረም ቆይቼ፣ ስንመለስ አንድ የገብስ ማሳ ዳር አረፍ ባልንበት ጠየቅኋቸው።

«አላገኘሁትም» አሉ። «ወልደ ትንሣኤ እኔ ነኝ።»

እጄን አፌ ላይ ጫንሁ። በቁሙ ላለ ሰው ፍትሐት! «ምን ሠሩ እርስዎ? በራስዎ ላይ?»

«በኔ ቦታ ነው የሄደው። በኔ ካፖርት ነው የሄደው። ታዲያ በማን ስም ይሂድ?»

«እርስዎ የሞቱ ቀንስ?»

ማሳውን አዩ። ገብሱ አሽቶ ነበር። «አንድ ገመድ ሁለት ጭነት አይይዝም» አሉ። «ስሙን ለሱ ሰጥቻለሁ። እኔ ስሞት መልሰው ቢጠሩት ልጁን ከገባበት ያወጡብኛል። ስለዚህ ቢጠይቁሽ አላውቅም በይ። በቀብሬ ቀን ቢጠይቁሽም እንኳ። እሱ ያን ሁሉ ጊዜ ብርድ ላይ ቆየ፤ እኔም ትንሽ ብቆይ ምን እሆናለሁ?»

አለቀስሁ፤ በንዴት ነው። እሺ አላልኋቸውም፤ እምቢም አላልኋቸውም። ተነሥተን መንገዳችንን ቀጠልን።

በሚቀጥለው ክረምት ጉሙ መጥቶ ግቢውን ሲውጠው ሁላችንም ጆሯችንን አቀናን። ምንም የለም። የጠብታ ድምፅ ብቻ። አሥር አለቃ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። «ወረደች» አሉ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ ግን ወደኔ ዞረው እንደ ሕፃን ቅር ብሏቸው፣ «ካፖርቴን ግን አላመጣልኝም» አሉኝ። ያን ዓመት ጡረታ ወጥቼ ደብረ ታቦር ገባሁ። በየበዓሉ እንደዋወል ነበር። ብርዱን ስጠይቃቸው መልሳቸው ያው ነው።

ይህን ሁሉ እያሰብሁ ስልኩ መልሶ ጠራ። ምስሩ ከነሰፌዱ ፀሐይ ላይ ነው፣ አንድም አልለቀምሁ። ለቄሱ «አላውቅም» ልል ቆርጬ ነበር። እውነቴን ነው። የሰውየው ልመና ነው፣ የሰውየው ነፍስ ነው፣ እኔ ማን ነኝ ብዬ።

«እኅቴ፣ አላስቻለንም፤ ሕዝቡ ደጅ ቆሞ ቀረ» አሉ ቄሱ። «እኛም እስካሁን የዘገየነው በካፖርታቸው ነው፤ አሁን ገና ማውለቃችን።»

«በምናቸው?»

«በካፖርታቸው። ለብሰውት ነው የሞቱት። ውኃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከብዶ፣ እጅጌው ውስጥ በረዶ የጋገረ ይመስላል። ሁለት ሰው ሆነን ነው ያወለቅነው።»

ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። የየካቲት ሰማይ፣ አንድ ጭረት ደመና የለበትም። «አባ፣ ወደዚያ ዝናብ ጥሎ ነበር?»

«ኧረ ምን ዝናብ! አገሩ በጠራራ እየነደደ።»

«ቀለሙ ምንድን ነው?»

«ጥቁር ሰማያዊ ነገር። የድሮ የወታደር ነው። እንዲያውም ጎረቤቶቻቸው ‹ካፖርት ነበራቸው እንዴ?› እያሉ ነው።»

«ቁልፎቹን ይዩልኝ እስቲ። ሁለተኛውን።»

ስልኩ ውስጥ የእግር ድምፅ ሰማሁ፣ የሰዎች ማጉረምረም፣ ጨርቅ ሲገለበጥ።

«ሁለተኛው ቁልፍ የለም» አሉ ቄሱ። «በሲባጎ ነው የታሰረው። ምነው እኅቴ?»

ልጁ ቃሉን ጠብቋል። ዘግይቷል እንጂ ጠብቋል። የሰው ዕቃ የመለሰ ደግሞ የሰው ስም ይዞ አይቀርም።

«ወልደ ትንሣኤ» አልሁ። «የክርስትና ስማቸው ወልደ ትንሣኤ ነው።»

«ተመስገን!» አሉ ቄሱ፤ ስሙን ጮክ ብለው ለዲያቆኑ ሲያቀብሉት ሰማሁ። ሊዘጉት ሲሉ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። «ካፖርቱንስ ምን እናድርገው? ብርዳም አይጠፋም፤ ለአንዱ ድኻ እንስጠው?»

«አይ አባ። ለማንም አይስጡ። ጠቅልላችሁ አብራችሁ ቅበሩት።»

«እንዳሉ።»

«አባ!» አልሁ ቶሎ ብዬ። «ስትጠቀልሉት እሰሩት። ገመዱንም ሁለት ጊዜ ሳቡልኝ።»